ሙቀት አሳላፊ ፕላስቲክ

ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ቆሞ የጠበቀ ሰው ነጩን ፔስት ያውቀዋል። ጠጋኙ ትልቁን ትራንዚስተር ከአሉሚኒየሙ ማቀዝቀዣ ጋር ከማሰሩ በፊት መሐሉ ስስ የሚካ ቅጠል ያስገባል፤ ቅጠሉንም ግራና ቀኝ ፔስቱን ይቀባዋል። የትራንዚስተሩ የብረት ጀርባ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት። ሙቀቱ ወደ አሉሚኒየሙ ይሻገር፣ ኤሌክትሪኩ ግን እዚያው ይቅር ነው ነገሩ።

አሁን አሁን የሚካውን ሥራ ልዩ ፕላስቲኮችና ጎማ መሰል ንጣፎች እየወሰዱት ነው። ለእነዚህ ምን ስም እንስጣቸው? «አስተላላፊ ፕላስቲክ» ብንል አንባቢው ቶሎ የሚያስበው ኤሌክትሪክን ነው፤ ተፈላጊው ደግሞ ተቃራኒው። እኔ «ሙቀት አሳላፊ» እላለሁ። በድግስ ላይ አሳላፊው ወጡን ከጓዳ ተቀብሎ እንግዳው ፊት ያደርሳል፤ ሙቀትም በዚህ ዕቃ ውስጥ የሚሄደው ከአተም ወደ አተም እየተቀባበሉት ነው። ብቻ «አሳላፊ» የሚለው ቃል ለብቻው አይቁም፤ ብርሃን አሳላፊም አለና።

በብረት ውስጥ ኤሌክትሪኩንም አብዛኛውን ሙቀትም የሚሸከሙት ያው ነጻ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ፕላስቲክ እነሱ የሉትም፤ ሙቀት የሚያልፈው በአተሞች ንዝረት ነው። የፊዚክስ ሰዎች የዚህን ንዝረት ቁራጭ «ፎኖን» ይሉታል። የፕላስቲክ ሞለኪውሎች ረጃጅም ክሮች ሆነው እንደተወሳሰበ ልቃቂት ስለተጠላለፉ፣ ንዝረቱ ሩቅ ሳይሄድ ይበተናል። መዳብ በሜትር በኬልቪን 400 ዋት ገደማ ሲያሳልፍ፣ ተራ ኤፖክሲ 0.2 ገደማ ነው። ነጻ ኤሌክትሮን የሌለው ሁሉ ግን ሰነፍ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው አልማዝ፣ አተሞቹ በሥርዓት ስለተደረደሩ፣ እስከ 2000 ይደርሳል።

የተለመደው መላ ሙቀት የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክ ግን የማያሳልፍ ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር መቀላቀል ነው፦ አሉሚና ወይም ቦሮን ናይትራይድ። ጥቂት ዱቄት ግን ብዙም አይረዳም። ቅንጣቶቹ በፕላስቲኩ ባሕር ውስጥ እንደ ደሴት ተራርቀው ይቀራሉ፤ ተነካክተው መንገድ እንዲሠሩ አንዳንዴ ከይዘቱ ግማሽ በላይ ዱቄት መሆን አለበት። ያኔ ሊጡ ይጠጥራል፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አልፈስም ይላል፣ ሲደርቅም ተሰባሪ ይሆናል። ቢነካኩም እንኳ ሁለት የተለያዩ ቁሶች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ንዝረቱ ከፊሉ ተመልሶ ይነጥራል። ሩሲያዊው ፒዮትር ካፒጻ በ1941 በፈሳሽ ሂሊየም ላይ ያስተዋለው የድንበር እንቅፋት ይኸው ነው።

ቦሮን ናይትራይድ ሌላም ጠባይ አለው። ቅንጣቱ ጠፍጣፋ ነው፤ በጠፍጣፋው አቅጣጫ ሙቀትን እንደ ጉድ ሲያስኬድ፣ በውፍረቱ በኩል ግን ብዙ ይለግማል። ንጣፉ በማተሚያ ሲጨመቅ ቅንጣቶቹ እንደ እንጀራ ተደራርበው ይተኛሉ። ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች መውረድ ሲገባው ወደ ጎን ይሮጣል ማለት ነው። መሐንዲሶች ቅንጣቶቹን አቁመው ለማስደርደር የሚለፉት ለዚህ ነው።

ዱቄቱን ትቶ ልቃቂቱን ራሱን መፍታትም ይቻላል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የጋንግ ቼን ቡድን በ2010 ፌስታል የሚሠራበትን ፖሊኤትሊንን ስቦ ስቦ እጅግ ቀጭን ክር አደረገው። ሞለኪውሎቹ ሲዘረጉ ክሩ 104 ገደማ ዋት አሳለፈ፤ ተራው ፖሊኤትሊን ከግማሽ ዋት ብዙም አያልፍም። ይህ ግን በክሩ ርዝመት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከአንድ ክር ደግሞ ንጣፍ አይወጣም።