ወጥ ቤትና ኮሌጅ



ልጁ አሥራ ሁለተኛውን ክፍል ጨርሶ «ምግብ አብሳይ መሆን እፈልጋለሁ» ያለው አባት ሁለት ነገር ያሳስበዋል። አንደኛው፥ ለዚህ ሥራ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋልን? የሚለው ነው። ሁለተኛውን ባፉ አይናገረውም፤ ይኸውም፥ ለወጥ ቤት ብዬ ነውን ይህን ያህል ዘመን ያስተማርሁት? የሚለው ነው። ሁለቱንም ለመመለስ የሙያውን ታሪክ መመርመር ይበጃል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በታላላቅ ሆቴሎች የሚሠራበት የወጥ ቤት ሥርዓት በአብዛኛው የተደራጀው በፈረንሳይ አገር ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ አንቶናን ካሬም፥ በፓሪስ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልዶ፥ በአብዮቱ ዘመን ገና በልጅነቱ ለጉርሱና ለማደሪያው ሲል በአንድ ምግብ ቤት ያገለግል ጀመር። ኋላም ባዪ ከሚባል ስመ ጥር ኬክ ሠሪ ዘንድ ገባ። ጌታው ስለ ፈቀደለት ወደ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ የሕንጻዎችን ሥዕል ይገለብጥ ነበር፤ ያንኑም በስኳርና በሊጥ እየሠራ በግብር ላይ ያቆመው ነበር። በ1833 እስኪሞት ድረስ ስለ ሙያው ብዙ መጻሕፍት ጽፏል። እንግዲህ ካሬም ኮሌጅ አልገባም፤ ነገር ግን ያለ መጽሐፍ አላደገም።

ሁለተኛው ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው። በ1846 ተወልዶ፥ በ13 ዓመቱ በኒስ ከተማ ካጎቱ ምግብ ቤት ሙያ ለመማር ገባ። በኋላም ሠራተኞቹን ጠባሽ፥ ስጎ ሠሪ፥ ጣፋጭ አዘጋጅ እያለ በየክፍሉ መደባቸው። ይህ አከፋፈል ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በነገሥታቱ ግቢ እንጀራ ቤት፥ ወጥ ቤትና ጠጅ ቤት ለየብቻቸው ነበሩና። በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ ከ5,000 የሚበልጥ የምግብ አሠራር አስፍሯል።

ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ መጣ። በ1893 በስዊስ አገር በሎዛን የሆቴል ትምህርት ቤት፥ በ1895 ደግሞ በፓሪስ ኮርዶን ብሉ ተከፈተ። በ1946 በአሜሪካ በኒው ሄቨን ከተማ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ለማስተማር የተቋቋመው ትምህርት ቤት፥ ዛሬ በሃይድ ፓርክ የሚገኘው የአሜሪካ የምግብ ሙያ ኮሌጅ ነው። የባችለር ዲግሪ መስጠት የጀመረው ግን በ1993 ነው። ስለዚህ አስቀድሞ እጅ፥ ቀጥሎ መጽሐፍ፥ በመጨረሻ ዲግሪ መጣ ማለት ነው።

ኮሌጅ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። የንጽሕና አጠባበቅን፥ የወጪና የገቢ ስሌትን፥ ሠራተኛ ማስተዳደርንና ሥጋ በእሳት ላይ ስለ ምን እንደሚለወጥ ያስተምራል። ሆቴል ለማስተዳደር ወይም ሙያውን ለማስተማር ለሚያስብ ሰው ዲግሪው ዋጋ አለው። ነገር ግን ስለት የለመደ እጅና በጥድፊያ ሰዓት የማይናወጥ መንፈስ በክፍል ውስጥ አይገኝም። ተመራቂውም ቢሆን ሽንኩርት ከመክተፍ መጀመሩ አይቀርም። ስለሆነም ወጣቱ አስቀድሞ አንድ ዓመት ያህል በሥራ ቤት ቢፈተን፥ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ቢመርጥ፥ የወላጁ ገንዘብ በከንቱ አይባክንም።

ስለ አባትየው ስውር ጥያቄም እንመልስ። የፈረንሳይ መንግሥት ለኤስኮፊዬ የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሸልሞታል። በኛም ቋንቋ ወጥ አሳምራ የምትሠራ ሴት «ባለሙያ» ትባላለች። እናቶቻችንን ያስከበረ ሙያ ልጆቻችንን የሚያዋርድበት ምክንያት የለም።