የኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ ከምጣዱ ሸክላ ሥር በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ተዘርግቶ የኤሌክትሪክ ኃይልን ወደ ሙቀት የሚቀይር ጥምጥም ሽቦ ነው። በመቀሌ ከተማ በዓይደር ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ (በትግርኛ ሞጎጎ) የሚግለው በዚህ ሽቦ ነው። ሽቦው ሲበጠስ ተጠምጥሞ የተዘጋጀ ይገዛል፤ አለዚያም ልሙጡ ሽቦ ተገዝቶ በእጅ ይጠመጠማል። የሁለቱን ደኅንነት የሚወስነው የሽቦው ርዝመትና ውፍረት በልክ መሆኑ ነው።

የሽቦው ዓይነት
በብዛት የሚሠራበት ኒክሮም የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ቅይጥ ሲግል በላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚሠራ ቶሎ አይበላም። ካንታል የሚባለው ደግሞ ከብረት፣ ከክሮሚየምና ከአሉሚኒየም የተቀየጠ ነው። የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ በጣም አነስተኛ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስሌቱ
ኃይል (ዋት) የሚገኘው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ (ኦም) ሲካፈል ነው። ለምሳሌ በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ ኃይሉ 3,520 ዋት፣ ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም ነው። ይህን ለማግኘት 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኒክሮም ሽቦ 14 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። የተቃጠለው ጫፍ እየተቆረጠ ሽቦው በአንድ አሥረኛ ቢያጥር የሚስበው ወደ 17.8 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 3,900 ዋት ከፍ ይላል። ለ16 አምፔር የተሠራ ሶኬት ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ሊቀልጥም ይችላል።

በእጅ መጠምጠም
ሽቦው በቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ላይ ተጠጋግቶ ይጠመጠማል፤ ከዚያ እስከ ቦዩ ርዝመት እኩል ይሳባል። ጥቅሙ ለማንኛውም ሸክላ እንዲስማማ ተደርጎ መሠራቱ ነው። አሳሳቡ እኩል ካልሆነ ጥምጥሙ በተጠጋጋበት በኩል እንጀራው ያራል፤ በተራራቀበት በኩል ደግሞ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። የተበጠሰን ሽቦ አጣምሞ መቀጠልም መጋጠሚያው ከሌላው ክፍል በላይ እንዲግልና እዚያው እንዲበጠስ ያደርጋል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው
ዋቱ ከታወቀ ስሌቱ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ጊዜ ይቆጥባል። ሆኖም ከቦዩ ርዝመት ጋር ላይገጥም ይችላል። ቢያጥር እኩል መሳብ ይበቃዋል፤ ቢረዝም ግን መቁረጥ ኃይሉን ስለሚጨምር ለቦዩ የሚስማማ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ዋቱ ያልተጻፈበት ከሆነ ከመግጠም በፊት ኦሙን በመለኪያ ማየት ያስፈልጋል።

የቮልቴጅ መውረድ
ቮልቴጅ ከ220 ወደ 200 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ምጣዱም ለመጋል ይዘገያል። ይህን ለማካካስ ሽቦውን ማሳጠር ቮልቴጁ ሲመለስ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ያስከትላል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መቀሌ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ተቋርጣ ቆይታ በኅዳር 2015 ዓ.ም. መልሳ ተገናኝታለች። እንዲህ ካለ መቋረጥ በኋላ ምጣድ ሲሰካ ገመዱን፣ ሶኬቱንና ሸክላውን አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ነው።

ጥንቃቄ
ደረቅ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሲርስ ግን ያሳልፋል። በተሰነጠቀ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ እስከ ሽቦው ሊደርስና ጋጋሪዋን ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ሸክላ ይለወጣል እንጂ ሽቦው ብቻ አይታደስም። የምጣዱ የብረት አካል ከመሬት መስመር (ኧርዝ) ጋር መያያዝ አለበት፤ ማንኛውም ጥገና የሚጀመረውም ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።