ገደቡን ማን ያብጅ? ከአቻ ለአቻ መረቦች ታሪክ



ተጠቃሚዎች ያለ ማእከላዊ አገልጋይ ፋይል በቀጥታ ስለሚለዋወጡባቸው የአቻ ለአቻ መረቦች ሲወሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የቅጂ መብት ክርክር ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ አንድ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ከስንት አቻዎች ጋር ይገናኝ? ወሰኑንስ ማን ያብጀው? (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2000 ብቅ ባለው በኑቴላ መረብ አንድ የፍለጋ ጥያቄ ለአቻዎች ሁሉ ይላካል፤ እነርሱም በተራቸው ለአቻዎቻቸው ያስተላልፉታል፤ ይህ እስከ ሰባት እርከን ይዘልቃል። ስሌቱን እንመልከት። እያንዳንዱ አራት ግንኙነት ቢኖረው አንድ ጥያቄ ቢበዛ 4,372 ጊዜ ይተላለፋል። ግንኙነቱ ስምንት ቢሆን ግን ከ1,098,000 ይበልጣል። ይህን ጎርፍ ይሸከም የነበረው ብዙው ተጠቃሚ በስልክ መስመር የሚሠራ፣ ፍጥነቱ ከ56 ኪሎቢት በሰከንድ የማያልፍ ሞደም ነበረው።

ብራም ኮኸን በ2001 ይፋ ያደረገው ቢትቶረንት ከብዙ አቻዎች ጋር ይገናኝ እንጂ፣ በመደበኛ አሠራሩ ፋይል የሚልከው በአንድ ጊዜ ለጥቂቶች፣ በተለምዶም ለአራት ያህል ብቻ ነበር። በየ10 ሰከንዱ ማን የተሻለ እንደሰጠው መርምሮ ለእርሱ ይመልሳል፤ በየ30 ሰከንዱ ደግሞ ለአንድ እንግዳ ዕድል ይሰጣል። ገደቡን ያበጀው ራሱ ተሳታፊው ነው።

ከውጭ የተጣለው ገደብ ግን ሌላ መልክ ነበረው። በ2004 የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ የኮምፒውተር ትሎችን ለመግታት በመጀመር ላይ ያሉ ግንኙነቶችን በአሥር ወሰነ፤ ተጠቃሚዎችም የሥርዓቱን ፋይል እየነካኩ ወሰኑን አለፉት። በ2007 ደግሞ ኮምካስት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ ከአቻው የመጣ የሚመስል የማቋረጫ መልእክት እየላከ የቢትቶረንትን ግንኙነት ሲበጥስ ተደረሰበት። መስመር ሲጨናነቅ ማስተዳደር የአቅራቢው ተገቢ ሥራ ነው፤ በሌላ ሰው ስም መናገር ግን ከማስተዳደር አይቆጠርም ባይ ነኝ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2008 ድርጊቱን አወገዘ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2010 ኮሚሽኑ ለዚህ ሥልጣን እንዳለው አላሳየም ሲል ውሳኔውን ሻረ።

ሙግቱ ፍርድ ቤት ሳለ መሐንዲሶች ሌላ መንገድ ጀምረው ነበር። በ2012 ሌድባት በሚል ስም የተመዘገበው ስልት የመልእክቱን መዘግየት ይለካል፤ ወረፋው ከ100 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ሲል የራሱን ፍጥነት ቀንሶ፣ ድረ ገጽ ለሚያነብና በስልክ ለሚነጋገር የቤተሰብ አባል ቦታ ይለቃል።