የሻይ ቅጠል መንገድ፦ ከጉማሮ እስከ አስኮ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጓንግዡ

አስኮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከመናኸሪያው የሚነሱ አውቶቡሶች ወደ ምዕራብ ሸዋ ይወጣሉ። መንገዱ አምቦንና ነቀምትን አልፎ በበደሌና በመቱ በኩል ጎሬ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ጎሬ ከሚያደርሱት ሁለት ዋና መንገዶችም አንዱ እሱ ነው፣ ሌላው በጅማ በኩል ነው። ከጎሬ አጠገብ ደግሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሻይ እርሻ የሆነው ጉማሮ አለ። በአስኮ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ የጠርሙስና የብርጭቆ ፋብሪካ ስለሆነ፣ የፋብሪካው አካባቢ በነዋሪውም በታክሲ ረዳቱም ዘንድ የሚጠራው በዚሁ «ብርጭቆ» በሚል ስም ነው። ወደ ሻይ አገር የሚወስደው መንገድና ሻይ የሚቀዳበት ዕቃ የሚሠራበት ፋብሪካ በአንድ ሰፈር ስለተገናኙ፣ ሻይ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደገባና ገዢው ጥሩውን ከመናኛው በምን እንደሚለይ ለማየት አስኮ ምቹ መነሻ ነው።

የሻይ አገሩ ቻይና ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ሉ ዩ የተባለ ቻይናዊ ስለ ሻይ አዘገጃጀት፣ አፈላልና አጠጣጥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሻይ ከሞላ ጎደል የቻይና ነበር። ይህን የለወጡት እንግሊዞች ናቸው። በሕንድ አሳም ያለሙት ሻይ እ.ኤ.አ. በጥር 1839 ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጨረታ ተሸጠ፤ በዚያው ወር እንግሊዝ የኤደንን ወደብ ያዘች። ከአሥር ዓመት በኋላ ሮበርት ፎርቹን የተባለ የዕፅዋት ባለሙያ የሻይ ችግኝና ዘር ከቻይና በድብቅ አውጥቶ ወደ ሕንድ አሻገረ። ቀጥሎ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ የሻይ አገር ሆነች። በቀይ ባሕር ዳርቻ የነበረው ንግድ በኤደን በኩል ከሕንድ ጋር የተሳሰረ ስለነበር፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ሻይ በአብዛኛው የሕንድና የሲሎን ጥቁር ሻይ ሆነ። የቻይናው ለስላሳ አረንጓዴ ቅጠል በዚህ መንገድ እምብዛም አልመጣም። የኢትዮጵያ ጠጪ ስለ ሻይ ያለው ግምት መሠረቱ እዚህ ላይ ነው።

ሻይ መጀመሪያ ሥር የሰደደው ከባሕሩ ጋር ንግድ በነበራቸው ከተሞች፣ በተለይም በሐረር፣ እንዲሁም በምፅዋና በዘይላ መስመር ነው። ሐረር ላይ ከዓረብና ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። መሐመድ አሊ የተባለው የሕንዶች ንግድ ቤት ሐረር ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ ተስፋፍቶ፣ ጣሊያን እስካስወጣው ድረስ ከአገሪቱ ትልልቅ አስመጪዎች አንዱ ነበር። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ዋጋው ቀለለ፤ በግመልና በበቅሎ ወራት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በቀናት የሚያልቅ ሆነ። ሻይ በጾም ቀን የሚጠጣ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የማይከለከል መሆኑ በሁሉም ቤት እንዲገባ አግዞታል።

ቅጠሉ በኢትዮጵያ አፈር የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በጉማሮ ነው። ጎሬ በዚያን ጊዜ ሩቅ ገጠር አልነበረም። በኢሉባቦር የነበረው ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወጣ ስለነበር ከተማዋ የንግድ ማዕከል ነበረች፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላም ልዑል ራስ እምሩ የመሩት ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ነበረች። ከፍታው፣ ዝናቡና የደኑ አፈር ለሻይ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ጉማሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጠባቡ ቀረ፤ የአገሪቱን ፍላጎት የሚሸፍነው ከውጭ የሚገባው ሻይ ነበር።

ሻይን የብዙኃኑ መጠጥ ያደረገው ስኳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር በየሱቁ በቀላሉ ይገኝ ጀመር። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከየመን የመጡ ነጋዴዎች የከፈቷቸው የዓረብ ሱቆች የሻይ ቅጠልን በትንሽ በትንሹ ይቸረችሩ ነበር፤ ለዕለት የሚበቃውን በማንኪያ ሰፍረው በወረቀት ይጠቀልሉታል። ከፋብሪካ ሠፈር እስከ መናኸሪያ ሻይ ቤቶች ተስፋፉ። በማለዳ ወደ ሥራ የሚሄድ ሠራተኛ ሻይ በዳቦ፣ ሻይ በብስኩት ወይም በቦምቦሊኖ ቁርስ አደረገ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል ከቅጠሉ ጋር በማንቆርቆሪያ ይፈላሉ፤ ሻዩ በማጥለያ ተጠልሎ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፤ ስኳሩ በደንብ ይማሰላል። ቡናና ሻይ በአንድ ብርጭቆ የሚቀዱበት ስፕሪስም የተወለደው በዚሁ ባህል ውስጥ ነው።

በዚህ ዓይነት ገበያ ገዢው ጥራትን የሚለካው በቀለም ነው። ሻዩ በብርጭቆ ስለሚቀዳ መቅላቱ ከሩቅ ይታያል። ትንሽ ቅጠል ብዙ ውኃ ካቀላ፣ ቅመምና ስኳር ገብቶበትም ጣዕሙ ካልጠፋ፣ ጥሩ ሻይ ነው። ይህ መለኪያ ከኑሮ የመጣ ነው፤ በማንኪያ ተሰፍሮ የተገዛ ቅጠል የቤተሰቡን ሁሉ ብርጭቆ ማዳረስ አለበት።

በደርግ ዘመን የሻይ ልማት የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ የቡናና ሻይ ልማት ሚኒስቴርም ተቋቋመ። በከፋ፣ በቦንጋ አጠገብ፣ ውሽውሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሙከራ የተጀመረው ተከላ ሰፊ እርሻ ሆነ። የቡና መገኛ የሆነው ከፋ የሻይም አገር ሆነ ማለት ነው። ለቃሚዎች ከእያንዳንዱ ቀንበጥ ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ ይቀጥፋሉ፤ ቅጠሉ ሳይበላሽ እዚያው እርሻው ላይ ባለው ፋብሪካ ይዘጋጃል። ማሽኖቹ ቅጠሉን ይጨፈልቁታል፣ ይቆራርጡታል፣ ያድቦለቡሉታል፤ ከዚያ አየር ነክቶት ሲጠቁር ይደርቃል። ውጤቱ በፍጥነት የሚያቀላ ደቃቅ ፍሬ መሰል ሻይ ነው፤ ገዢው ለዘመናት በቀለም ሲለካ ለኖረው ፍላጎትም ልክክ ያለ ነው። ጉማሮና ውሽውሽ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ወደ ግል ዞረው ኢትዮ አግሪ ሴፍት የተባለው ኩባንያ ይዞታ ሆኑ፤ ቅጠላቸው አዲስ ሻይ በሚለው ስም በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

የቻይና ሻይ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በሌላ በር ነው። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ጀመሩ፤ በጥቅምት 1971 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ በ1973 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር ጀመረ። ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው መንገድ በቻይና መሐንዲሶች ተሠራ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዲስ አበባው ቀለበት መንገድ፣ በኋላም ባቡሩና ፋብሪካዎቹ ብዙ ቻይናውያንን ወደ ከተማዋ አመጡ። ከእነሱ ጋር የሠራ ሁሉ ክዳን ያለውን ረጅም ብርጭቆ ያውቀዋል፤ አረንጓዴ ቅጠሎች ከታች ተዘርግተው ይታያሉ፣ ስኳር የለውም፣ ውኃው ባለቀ ቁጥር በዚያው ቅጠል ላይ ትኩስ ውኃ ይጨመራል። ንግዱ ደግሞ ኢትዮጵያውያንን ወደ ጓንግዡ ወሰደ። በሲያኦቤይ ሰፈር አርፈው ልብስ፣ ጫማና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች ሲመለሱ ለቤተሰብ ሻይ መያዝ ጀመሩ።

ጓንግዡ ውስጥ ፋንግሱን የሚባለው የሻይ ገበያ ከቻይና ትልልቅ የጅምላ ገበያዎች አንዱ ነው። በቤጂንግ ደግሞ ማልያንዳኦ የተባለው ጎዳና በሻይ ሱቆች የተሞላ ነው። በእነዚህ ቦታዎች በቀለም ብቻ መምረጥ አያዋጣም። ከሃንግዡ የሚመጣው ሎንግጂንግ በመጥበሻ ተዳምጦ የተጠፈጠፈ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ውኃውን ፈዛዛ ቢጫ ብቻ ያደርገዋል። በፉጂያን የሚገኘው ትዬጓንዪን ተጠቅልሎ የተድቦለቦለ፣ የአበባ ሽታ ያለው ነው። የዩናን ፑኧር ተጠፍጥፎ እንደ ቂጣ ይሠራል፤ የተለመደው ክብደቱ 357 ግራም ነው። የአንሁይ ቺመንና የዩናን ዲያንሆንግ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው ሻይ ጋር የሚቀራረቡ ጥቁር ሻዮች ናቸው።

ሻጩ ገዢውን ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጦ ያስቀምሳል። ጥቂት ግራም ቅጠል ክዳን ባለው ትንሽ የሸክላ ስኒ ውስጥ ያስገባል፤ የትዬጓንዪንና የፑኧርን የመጀመሪያ ውኃ ብዙ ጊዜ አጥቦ ይደፋዋል። ከዚያ በኋላ አንዱን ቅጠል ደጋግሞ ይቀዳል። ልምድ ያለው ገዢ መጀመሪያ ደረቁን ቅጠል ያያል፤ ወጥ መጠን ያለው፣ ያልደቀቀ፣ አቧራ የሌለው መሆን አለበት። ቀጥሎ የሞቀውን ክዳን ያሸታል። ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቅጂ ይቀምሳል፤ መናኛ ሻይ ጣዕሙን በመጀመሪያው ቅጂ ይጨርሳል። በመጨረሻ የራሰውን ቅጠል በጣቱ ዘርግቶ ይመለከታል፤ ሙሉና ለስላሳ ከሆነ በጥንቃቄ የተለቀመ ነው። ዋጋ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በጂን ነው፤ አንድ ጂን 500 ግራም ስለሆነ በኪሎ የሚያስብ ገዢ ዋጋው እጥፍ መሆኑን ልብ ማለት ይኖርበታል። ከአረንጓዴ ሻዮች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ካለው የቺንግሚንግ በዓል በፊት የተለቀመው በጣም ውድ ነው። አሮጌ እየተባለ የሚሸጥ ፑኧር ላይ ማጭበርበር የተለመደ ነው፤ የፑኧር ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2007 ያለልክ ንሮ በዚያው ዓመት ወድቆ ብዙ ነጋዴ ከስሯል።

የመጨረሻው መመዘኛ ሻዩ የሚፈላበት ቤት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 80 ዲግሪ ገደማ ለሚበቃው አረንጓዴ ሻይ ይህ ችግር የለውም፤ ውኃው ከእሳት ወርዶ ጥቂት ቀዝቀዝ ይበል እንጂ። በማንቆርቆሪያ ከቅመም ጋር ከተንፈቀፈቀ ግን ይመርራል፣ ሽታውም ይጠፋል። ጥቁር ሻይና ፑኧር በሚንተከተክ ውኃ የሚዘጋጁ ስለሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ በቅጠሉ ላይ ውኃ ከማፍሰስ ይልቅ እሳት ላይ ጥቂት ማቆየት ይረዳል። ስለዚህ ቅርንፉድና ስኳር ለሚወድ ቤት ከቻይና የሚመጣው ተስማሚ ስጦታ ዲያንሆንግ ወይም ቺመን ነው፤ ሎንግጂንግ ሻዩን ያለ ስኳር ለሚጠጣ፣ ትዕግሥትም ላለው ሰው ይሁን። በየዕለቱ በማንቆርቆሪያ ተፈልቶ ለብዙ ሰው በብርጭቆ ለሚቀዳው ሻይ ደግሞ የጉማሮና የውሽውሽ ቅጠል ባሕር ማዶ ሳይኬድ የሚገኝ፣ ለአገሩ አፈላል የተስማማ ነው።