ኢንተርኔት በዳላስ፦ ርካሹ ዋጋ ወይስ አስተማማኙ መስመር?

በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የልጆች የቤት ሥራ፣ የወላጆች የሥራ ስብሰባ እና አገር ቤት ካሉ ዘመዶች ጋር የሚደረገው የቪዲዮ ጥሪ የሚያልፉት በአንድ የኢንተርኔት መስመር ነው። በማስታወቂያዎች ላይ ጎልተው የሚታዩት ግን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ ከፍተኛው ፍጥነት እና የመጀመሪያዎቹ ወራት ዋጋ። ሁለቱ ብቻቸውን ለውሳኔ አይበቁም።

አማራጩ ከከተማ ከተማ ለምን ይለያያል?

ምርጫውን በቅድሚያ የሚወስነው የመኖሪያ አድራሻ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት የቀድሞው የስልክ መስመር ክፍፍል ነው። ዳላስ ከተማ በአብዛኛው የሳውዝዌስተርን ቤል ይዞታ ስለነበረ ዛሬ መስመሩ የኤቲ ኤንድ ቲ ነው። ጋርላንድ፣ ኧርቪንግ እና ፕሌኖ በአብዛኛው በጂቲኢ ሥር ነበሩ፤ መስመሮቻቸው እ.አ.አ በ2000 ወደ ቬራይዘን፣ በ2016 ደግሞ ወደ ፍሮንቲየር ተላልፈዋል። ቬራይዘን ፍሮንቲየርን በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ያስታወቀው በ2024 ነው። በብዙ ሰፈሮች የኬብል አገልግሎት የሚሰጠው ስፔክትረም ነው።

ስለዚህ በሌላ ከተማ የሚኖር ወዳጅ የሚመክረው ድርጅት እርስዎ ቤት ላይደርስ ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በድረ ገጹ ባወጣው ካርታ ላይ አድራሻን በማስገባት ያሉትን አማራጮች ማየት ይቻላል። የአፓርታማ ተከራዮችም ውል ከመፈረማቸው በፊት ሕንጻው ውስጥ የትኛው መስመር እንደገባ ቢጠይቁ ይመረጣል።

ጥራት በምን ይለካል?

ኮሚሽኑ በመጋቢት 2024 ለፈጣን ኢንተርኔት ያወጣው መለኪያ መረጃ ለመቀበል 100፣ ለመላክ 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። ኔትፍሊክስ ለከፍተኛው የምስል ጥራት የሚመክረው 15 ሜጋ ቢት መሆኑን ስናስብ፣ ለብዙ ቤተሰብ የአንድ ጊጋ ቢት ክፍያ የግድ አይደለም።

ለቪዲዮ ጥሪ የመላኪያው ፍጥነት ወሳኝ ነው። ፋይበር በአብዛኛው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ፍጥነት ሲሰጥ፣ የኬብል መላኪያ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ከመቀበያው እጅግ ያነሰ ነው። ከሞባይል ማማ የሚመጣው የቤት ኢንተርኔት ለመትከል ቀላል ቢሆንም፣ ጥራቱ በማማው ርቀትና በተጠቃሚው ብዛት ይለዋወጣል።

ሆኖም ጥሪው የሚቆራረጠው አዲስ አበባ ባለው መስመር ደካማነት ወይም በቤት ውስጥ ዋይፋይ ምክንያት ከሆነ፣ ዳላስ ላይ ተጨማሪ ፍጥነት መግዛት መፍትሔ አይሆንም።

እውነተኛው ዋጋ ስንት ነው?

ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ትልልቅ አቅራቢዎች የዋጋና የፍጥነት መግለጫ ሠንጠረዥ ለደንበኞች የማሳየት ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በሠንጠረዡ ላይ የማስተዋወቂያው ዋጋ መቼ እንደሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሆን፣ ተጨማሪ ክፍያዎችና ውል የማቋረጫ ቅጣት ይገኛሉ።

ለምሳሌ ያህል፣ ለአንድ ዓመት በወር 50፣ ከዚያ 80 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት በሁለት ዓመት 1,560 ዶላር ይፈጃል። በወር ቋሚ 60 ዶላር የሚጠይቀው ግን 1,440 ብቻ ነው። መጀመሪያ ርካሽ የመሰለው በመጨረሻ ውድ ሆነ ማለት ነው። የራሱን ሞደም የሚጠቀም ደንበኛን የሞደም ኪራይ ማስከፈልም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

ድጋፍና አቤቱታ

ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን በወር እስከ 30 ዶላር ይደጉም የነበረው የፌዴራል መርሐ ግብር በጀቱ አልቆ በሰኔ 2024 ተቋርጧል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በወር እስከ 9.25 ዶላር የሚቀንሰው ላይፍላይን ግን ቀጥሏል።

የተከፈለበት ፍጥነት ካልተገኘ፣ ኮምፒውተሩን በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ በተለያየ ሰዓት መለካትና ውጤቱን መመዝገብ ይጠቅማል። አቅራቢው ካልፈታው ለኮሚሽኑ በነጻ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ድርጅቱም አቤቱታው በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጠበቅበታል።