በግቢ ኩሬ ውስጥ አገር በቀል ዓሣ ስለማኖር

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በግቢው ኩሬ ዓሣ ማኖር የሚፈልግ ነዋሪ በቅድሚያ የአካባቢው ውኃ ወዴት እንደሚፈስ መለየት ይኖርበታል። የሰበታና የቡራዩ ወንዞች ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ግን በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በመሆኑም ከአንዱ ተፋሰስ የተያዘ ዓሣ ወደ ሌላው መወሰድ የለበትም፤ ኩሬው በክረምት ሞልቶ ሲፈስ ዓሣው ወንዝ ገብቶ በሽታ ሊያዛምት ይችላል። ቆሮሶ ሙቅ ውኃ ስለሚስማማው በሱሉልታ ብርድ እድገቱ ይዘገያል፤ በጠባብ ኩሬም ከመጠን በላይ ተራብቶ ይቀጭጫል። ኩሬው ለእንቁራሪት የታሰበ ከሆነ፣ ዓሣ እንቁላሏንና እጯን ስለሚበላ፣ ያለ ዓሣ መተው ይመረጣል። ጫጩት ከወንዝ ከማጥመድ ይልቅ በሰበታ የሚገኘውን የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አስቀድሞ ማማከር ይገባል።