የሰንሰለቱ ርዝመት፦ ስለ ፍሎሪናማ በካዮች ቅርጽና መርዛማነት አጭር ታሪክ

በሳሪስ አቦ አካባቢ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ጎረቤታሞች ናቸው። የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው፣ የአትክልት ማሳ እያጠጡ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ስለ ክሮሚየምና ስለ ሌሎች ከባድ ብረቶች ብዙ ተጽፏል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ከብረት የማይመደቡት፣ በአካባቢም ሆነ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩት ፍሎሪናማ ኬሚካሎች ናቸው።

ፍሎሪን ለሀገራችን ሐኪም እንግዳ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ የታወቀ ነው። እዚህ የምናነሳው ግን ከካርቦን ጋር የተሳሰረውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕሉንኬት ቴፍሎንን በአጋጣሚ ካገኘ በኋላ የዚህ ቤተሰብ ውሁዶች ለድስት ልባስ፣ ውኃ ለማያስገባ ቆዳና ጨርቅ፣ ለእሳት ማጥፊያ አረፋም አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶናልድ ታቭስ በሰው ደም ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ሲመረምር ከኦርጋኒክ ውሁድ ጋር የተያያዘ ሌላ ፍሎሪን መኖሩን ደረሰበት።

ሞለኪዩሉ ራስና ጅራት አለው። ጅራቱ ፍሎሪን የለበሰ የካርቦን ሰንሰለት ሲሆን ትስስሩ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ጉበት ሊሰብረው አይችልም። እንደ ዲዲቲ በስብ ውስጥ አይከማችም፤ ፋቲ አሲድን ስለሚመስል ከአልቡሚን ጋር ይጣበቃል፣ ኩላሊትም መልሶ ይመጠዋል። ባለ 4 ካርቦኑ አሲድ በሰው ደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ጥቂት ቀናት ብቻ ሲሆን ባለ 8 ካርቦኑ ፒኤፍኦኤ ግን ከ2 እስከ 4 ዓመት ይደርሳል። ራሱ ሰልፎኔት የሆነው ፒኤፍኦኤስ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይቆያል። ሆኖም ባለ 6 ካርቦኑ ሰልፎኔት ከፒኤፍኦኤስም በላይ ስለሚዘገይ «ሰንሰለቱ ካጠረ ጉዳት የለውም» ማለት አይቻልም። የእንስሳት ሙከራም ሊያሳስት ይችላል፤ ሴት አይጥ ፒኤፍኦኤን በሰዓታት ውስጥ ታስወግዳለች።

በአሜሪካ 69,000 ያህል ነዋሪዎችን ያካተተው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጠናቀቅ ፒኤፍኦኤ ከኩላሊትና ከዘር ፍሬ ካንሰር፣ ከታይሮይድ ሕመም፣ ከኮሌስትሮል መጨመር፣ ከአልሰሬቲቭ ኮላይትስና ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር እንደሚዛመድ አመለከተ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ፒኤፍኦኤን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ፒኤፍኦኤስን በ2009፣ ፒኤፍኦኤን በ2019 በዝርዝሩ አካትቷል።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጣና ሐይቅ ጥናት በውኃውም በዓሣውም ውስጥ እነዚህን ኬሚካሎች አግኝቷል፤ መጠናቸው ግን ዝቅተኛ ነበር። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም ፋብሪካ የበዛበትን አቃቂን አይመለከትም፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ደግሞ አዲስ አበባን ያጠጣሉ።

እኛ የጤና ባለሙያዎች «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» እያልን እንመክራለን። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እነዚህን ኬሚካሎች ግን አያስወግድም፤ ክሎሪንም እንዲሁ። በታካሚ ሊደረግ የማይችለውን መከላከል ከምንጩ ማስጀመር የግድ ነው። ስለዚህ የታካሚውን የሥራ ታሪክ በካርዱ ላይ እንመዝግብ፤ የጉድጓድ ውኃውም እንዲመረመር በሙያችን ስም እንጠይቅ።